የጃንሆይ ሰዓትና የማንዴላ ቁልፍ

(ጆሃንስበርግ) የአሮጌ የእጅ ሰዓት ሰብሳቢዎች ቀድሞ የሚጠይቁት ስለ ወርቁና ስለ ሞተሩ ነበር። ዛሬ አስቀድመው «የማን ነበር?» ይላሉ። የተዋናዩ ፖል ኒውማን ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ላይ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በቀጣዩ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓቴክ ፊሊፕ ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይኸው ሰዓት በ2015 ለጨረታ ቀርቦ፣ የንጉሡ ቤተሰብ የባለቤትነት ጥያቄ በማንሳቱ ከሽያጭ ወጥቶ ነበር።

በስደት የምንኖርባት ደቡብ አፍሪካም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟታል። የማንዴላ የሮበን ደሴት እስር ክፍል ቁልፍ በጥር 2022 ኒው ዮርክ ላይ ሊሸጥ ሲል የአገሪቱ የቅርስ መሥሪያ ቤት ተቃወመ፤ ጨረታውም ቆመ። በታኅሣሥ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለማንዴላ ልጅ ፈረደ። ማንም ይርታ ማን፣ «ቅርስ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሕግ ፊት፣ በአደባባይ ተነሳ። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ማንዴላ በ1962 በኢትዮጵያ ተሰጥቷቸው እዚሁ ሪቮኒያ የቀበሩት ሽጉጥ እንኳ ለዓመታት ሲፈለግ ኖሯል።

ወገኖቻችን! የጃንሆይ ሰዓት ተሽጧል። በየስደት ቤታችን ግን የአባቶቻችን ሜዳልያ፣ ደብዳቤና ሰዓት አለ። የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠው፣ ከአገር እንዴት እንደወጣ ዛሬውኑ እንጻፍ። ያልተመዘገበን ቅርስ ነገ «የእኛ ነው» ብሎ መከራከር አይቻልም።