ሁለቱ መስመሮች የማይነግሩን

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የፈረስ ቤት መኪና እስኪሞላ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ የተማርህ ከሆንህ ይኸን ንገረኝ። መድኃኒት የምወስድበት ቦታ ቫይረሱ አይታይም አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሌላ ክሊኒክ ብመረመር ፖዘቲቭ አሉኝ። ማንኛቸው ናቸው የዋሹኝ?»

ማንም አልዋሸም። ጣት ተወግቶ የሚደረገው፣ ሁለት መስመር ሲያወጣ ፖዘቲቭ የሚባለው የኤችአይቪ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ሲያገኝ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ክኒኑ ቫይረሱን ያዳክማል፤ ሰውነት ግን አይረሳም።

ፀረ እንግዳ አካልን የበሽታው መለኪያ ለማድረግ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎቹ ዮፕ ላንገና ያፕ ሃውድስሚት አምስተርዳም ላይ ሕሙማንን ሲከታተሉ፣ ፒ24 በተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ላይ የሚዘምተው ፀረ እንግዳ አካል ሲቀንስ፣ ፕሮቲኑ ራሱ ደግሞ ደም ውስጥ ሲበረክት ኤድስ እየቀረበ መሆኑን አዩ።

አምስተርዳም ወደ እኛም መጣች። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ፓስተር ግቢ ተጀመረ፤ የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካና የወንጂ ስኳር ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። ከግኝቶቹ አንዱ እስካሁን ይገርመኛል፦ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሲዲ ፎሩ (ቫይረሱ የሚያጠቃው የመከላከያ ሴል ቁጥር) ከጤነኛ ደች ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ሕዝብ ደም የተሰፈረ ቁጥር እንዳለ አይገለበጥም ማለት ነው። ነፃ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ግን ብዙው ሰው ክኒኑን የሚያገኘው ሲዲ ፎሩ ከ200 ሲወርድ ነበር። ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምራል፤ መድኃኒቱ መሥራቱም የሚታወቀው በቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ባለው የቫይረስ መጠን ነው። ያም ናሙናው ርቆ ሄዶ የሚመለስ ውጤት ነው። እንደ ፈረስ ቤት ላለ የደጋ ከተማ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ የጠየቅሁት የጤና ኃላፊ «ደብዳቤ ይዘህ ና» አለኝ፤ ደብዳቤውን ስይዝ ስልኩን አያነሳም።

ሴትዮዋ ግን ይናገራሉ። «ጸበል ስጠመቅ ተፈውሰሻል ይሉኛል፤ ጣቴን ሲወጉኝ ገና ነሽ ይሉኛል። እኔስ ክኒኔን አልተውሁም። ጎረቤቴ ነው፣ ዛሬም ፖዘቲቭ ነህ ቢሉት፣ ካልሠራ ምን ያደርግልኛል ብሎ ክኒኑን ወንዝ የጨመረው። ማን ነገረው? ማንስ ነገረኝ?»

መልሱን የነገራቸው አለመኖሩ ነው የሚያናድደው። ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም፤ ክኒኑን ሲያቆም ግን ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

መድኃኒት ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለመዳናችሁ ማረጋገጫ ብላችሁ ጣታችሁን ደግማችሁ አታስወጉ። የምትጠይቁት የቫይራል ሎድ ውጤታችሁን ነው፤ ካርዳችሁ ላይ ከሌለ አስጽፉት።