በኪራይ ግቢ ሕመም እንዳይደበቅ

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ «በቤት ይቆዩ» የሚለው ምክር በስፋት ይነገር ነበር። ይሁን እንጂ በከተሞች ብዙ ሰው የሚኖረው በኪራይ ክፍል ሲሆን፣ የውሃ ቧንቧውንና መጸዳጃ ቤቱን ከአከራዩና ከሌሎች ተከራዮች ጋር ይጋራል። በዚህ ዓይነት ግቢ በሽታውን መከላከል የሚቻለው ነዋሪዎቹ ስለ ሕመም ሳይፈሩ መነጋገር ሲችሉ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ከቤት የመባረር ስጋት ነው። ትኩሳት ወይም ሳል የጀመረው ተከራይ «ቢሰሙ ያስወጡኛል» ብሎ ከሰጋ ምልክቱን ይደብቃል፤ ለምርመራም አይሄድም፤ እንደ ወትሮው ከሁሉም ጋር እየተገናኘ ይቆያል። ስለዚህ አከራዩ ማንም ሳይታመም አስቀድሞ «ታመመ ብለን ማንንም አናስወጣም፤ ብቻ ቶሎ ይነገረን» ማለቱ ለራሱ ቤተሰብም ጥበቃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከራይን ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከልክሎ ነበር፤ ሆኖም ደንቡን ያላነበበ ተከራይ የሚተማመነው በአከራዩ ቃል ነበር። በጤና ተቋም የሚሠራ ተከራይንም በሥራው ምክንያት ቤት እንዲለቅ መጠየቅ ከቶ ተገቢ አይደለም።

ንግግሩ በስልክ ወይም ደጅ ላይ፣ በሁለት ሜትር ርቀት፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ቢደረግ ይመረጣል። የቡናው ሰዓት ለዚህ አመቺ ቢመስልም በጠባብ ክፍል መሰባሰቡ ራሱ አደጋ አለው። የመጸዳጃ ቤቱን እጀታና የቧንቧውን መክፈቻ ማን፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚያጸዳ፣ ሳሙናውና በረኪናው በማን ወጪ እንደሚገዛ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ ጥቃቅን ቢመስልም የግቢ ጠብ የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለማጽጃ አንድ እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበረዛል።

ገቢው የተቋረጠበት ተከራይም የኪራዩ ቀን ሳይደርስ ለአከራዩ ቢያሳውቅ፣ በከፊል ወይም ዘግይቶ ለመክፈል መስማማት ይቀላል።

ምልክት የታየበት ተከራይ ሲኖር በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደወላል። አከራዩ የታማሚውን ስም ያለ ፈቃዱ ለጎረቤት መናገር የለበትም። የጤና ባለሙያ በክፍሉ ተለይቶ እንዲቆይ ካዘዘው ውሃና ምግብ በሩ ላይ ይቀመጥለት፤ በየዕለቱም በስልክ «እንዴት አደርክ?» ይባል፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ እንደገና ይደወል።