የስክሪን ክፍሎችና የጥገና ውሳኔ፤ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በብዙ ትምህርት ቤቶች የንብረት ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሰው ከተደረደሩ ላፕቶፖችና ታብሌቶች ላይ «ስክሪኑ የተበላሸ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህች አጭር ጽሑፍ አንዴ ከተለጠፈች መሣሪያው ከአገልግሎት ውጭ ወደሚሆንበት መንገድ ያመራል፤ ተማሪዎችም በቀረው መሣሪያ ላይ በሦስትና በአራት ሆነው ይሻማሉ። ሆኖም ስክሪን አንድ ወጥ አካል ሳይሆን እርስ በርሱ የተነባበረ የልዩ ልዩ ክፍሎች ስብስብ እንደመሆኑ መጠን፣ በአንድ ስም የሚጠራው ብልሽት በእርግጥ ቢያንስ አምስት ዓይነት ነው። ከእነዚህም አንዳንዱ በአንድ ሰዓት ሥራ የሚቃና ሲሆን፣ ሌላው ፓነሉን ካልለወጡ በቀር መፍትሔ የለውም። በዚህ ጽሑፍ ክፍሎቹ ምን ምን እንደሆኑና የእያንዳንዳቸው ብልሽት በምን ምልክት እንደሚታወቅ ለማስረዳት ይሞከራል።

በትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገኘውን ባለ ፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን፣ ማለትም ኤል.ሲ.ዲ. የሚባለውን እንውሰድ። መሣሪያው ታብሌት ከሆነ ከሁሉ በላይ በእጃችን የምንነካው ጠንካራ መስተዋት አለ፤ ተግባሩ መከላከል ብቻ ሲሆን ሥዕልም ሆነ ብርሃን አያመነጭም። ከሥሩ የጣትን ንክኪ የሚለይ፣ በዓይን የማይታይ የስስ መስመሮች መረብ ይገኛል። ጠጋኞች ይህን ክፍል ከእንግሊዝኛው ወስደው «ታች» ይሉታል። ስሙ በአማርኛ ጆሮ ሲሰማ ከሥር ያለ ነገር ቢያስመስለውም ቦታው ከላይ ነውና፣ መምህሩ ከጠጋኝ ጋር ሲነጋገር ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል። ከዚህ ቀጥሎ ሥዕሉን የሚሠራው ፓነል፣ ከፓነሉ ኋላ ደግሞ ባክላይት የሚባለው ብርሃን ሰጪ ክፍል ይመጣል። ሁሉንም ከዋናው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኟቸው ስስ ገመዶች ናቸው። አብዛኛው ላፕቶፕ ግን የላይኛው መስተዋትም ሆነ ታች የለውም፤ የምናየው ፓነሉን ራሱን ነው።

ፓነሉ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያሻዋል። ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ጠጣር ክሪስታል በሥርዓት የሚሰለፉ ነገር ነው። ባሕርዩን እ.ኤ.አ. በ1888 ያስተዋለው ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ነገሩ ለማሳያነት እስኪውል ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በዛሬው ፓነል ይህ ፈሳሽ በሁለት ስስ መስተዋቶች መካከል፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ በሚያንስ ክፍተት ውስጥ ታሽጎ ይገኛል። በውጭ በኩል ግራና ቀኝ ፖላራይዘር የሚባሉ ስስ ሽፋኖች ተለጥፈዋል፤ እነዚህም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋሉ። የሁለቱ አቅጣጫ የተቃረነ በመሆኑ በመካከላቸው ምንም ባይኖር ብርሃን ባላለፈ ነበር። በተለመደው የቆየ አሠራር ፈሳሹ ክሪስታል የብርሃኑን አቅጣጫ ጠምዞ ያሳልፈዋል፤ የኤሌክትሪክ ግፊት ሲደርሰው ግን ጥምዘዛው ስለሚፈታ በዚያች ነጥብ ላይ ጨለማ ይሆናል። እንግዲህ ፓነሉ በራሱ ብርሃን የለውም፤ በመስኮት ላይ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ መጋረጃ ያለ ነው።

ጥገናን የሚመለከተው እጅግ ጠቃሚ ፍተሻ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ መሣሪያው ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ በአግድም ማብራት ነው። ደብዛዛ ሥዕል ከታየ ፓነሉ ጤነኛ ነው፤ የጠፋው ባክላይቱ ወይም ለእሱ ኃይል የሚያደርሰው መስመር ነው። ምንም ካልታየ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር ማገናኘት ይገባል። በፕሮጀክተሩ ላይ ሥዕል ከወጣ ዋናው ሰሌዳ ደኅና ስለሆነ ጥርጣሬው በገመዱና በፓነሉ ላይ ይወድቃል። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ሥዕሉ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ተላልጧል ማለት ነው፤ ይህም ፓነልን ከመለወጥ እጅግ የቀለለ ሥራ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶች ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። ቀለም እንደ ፈሰሰበት ወረቀት ጥቁር ነጠብጣብ ካለና እየሰፋ ከሄደ ፓነሉ ተሰብሯል፤ አይጠገንም። ከላይ ተሰንጥቆ ሥዕሉም ንክኪውም ደኅና ከሆኑ የተጎዳው መስተዋቱ ብቻ ነው። ሥዕሉ ጠርቶ ንክኪው እምቢ ካለ ወይም ሳይነኩት የሚታዘዝ ከሆነ ታች ነው። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲታዩ ገመዱ በፓነሉ ጠርዝ ላይ የተጣበቀበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ማጣበቂያው በፋብሪካ በሙቀትና በግፊት የተሠራ በመሆኑ በብየዳ አይመለስም።

በብዙ አዳዲስ ታብሌቶች መስተዋቱ፣ ታችና ፓነሉ ብርሃን በሚያሳልፍ ሙጫ አንድ ላይ ተጣብቀው ይሠራሉ። እነርሱን መለያየት ማሞቂያ፣ ስስ ሽቦና የአየር አረፋ ማስወገጃ ስለሚጠይቅ፣ ጠጋኙ «ሙሉው ዲስፕሌይ ይቀየር» ሲል ሁልጊዜ ትርፍ ፈልጎ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩ ክፍሎቹ ሳይጣበቁ በመካከላቸው ጥቂት አየር የቀረባቸው ታብሌቶች አሉ፤ ውበታቸው ያንሳል፣ ውፍረታቸውም ይበልጣል። ለትምህርት ቤት ግን እነዚህ እንደሚሻሉ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት «ኤክስ ኦ» የተባሉ የሕፃናት ላፕቶፖች የሚቀሰመው ትምህርትም ይህንኑ ይደግፋል። ባክላይታቸው ለብቻው እንዲለወጥ ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ በመያዣቸው ውስጥ መለዋወጫ ብሎን ተቀምጦ ነበር። ባክላይቱ ቢጠፋ እንኳ በፀሐይ ብርሃን ጽሑፉ በጥቁርና ነጭ ይነበብ ነበር።

ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የባትሪ ፍተሻ ለፕላዝማ ቴሌቪዥን አይሠራም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጩት ፕላዝማዎች ባክላይት የላቸውም፤ በውስጣቸው ያሉት ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ያበራሉ። ስለዚህ ፕላዝማ ሲጨልም በቅድሚያ የሚመረመሩት የኃይል ሰሌዳውና ፓነሉን የሚነዱት ሰሌዳዎች ናቸው። ዋነኞቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ምርቱን ስላቋረጡ፣ ፓነሉ ከተሰበረ አዲስ አፈላልጎ በጀት መያዝ ፍሬ ያለው ሥራ አይመስልም። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል በውስጡ ስለሚቆይ ተማሪ ክዳኑን እንዲከፍት ፈጽሞ ሊፈቀድለት አይገባም። የቆዩ ላፕቶፖች ባክላይትም ሜርኩሪ ያለበት ስስ የፍሎረሰንት መብራት ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ይያዛል።

መምህሩ የብልሽት ሪፖርት ሲጽፍ «ስክሪኑ የተበላሸ» ከማለት ይልቅ የታየውን ምልክት ቢገልጽ፣ ለምሳሌ «በባትሪ ሲታይ ሥዕል አለ» ብሎ ቢያሰፍር፣ ንብረት ክፍሉ ምን መግዛት እንዳለበት ያውቃል። ዕቅድ አውጪውም መሣሪያ ሲገዛ የፓነሉ፣ የታችና የገመዱ መለዋወጫ ለየብቻ ይገኝ እንደሆነ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቢጠይቅ መልካም ነው። ፓነል በሚታዘዝበት ጊዜ የላፕቶፑ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ዓይነት ላፕቶፕ ከተለያዩ ፋብሪካዎች በመጡ ፓነሎች ሊገጣጠም ስለሚችል፣ በፓነሉ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ይገለበጣል። የመሰኪያው እግሮችም ይቆጠራሉ፤ ባለ 40 እግሩ ፓነል ባለ 30 እግር ገመድ ላይ አይገጥምም።