አሮጌው የስልክ መሥመር ከመዘጋቱ በፊት መንገደኛውን መቍጠር ይገባል

አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ አሮጌው መሻሩ የዓለም ሥርዓት ነው። የእንጨቱ ድልድይ በድንጋይ፥ የድንጋዩም በብረት ይተካል፤ ይህንንም የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው የለም። ነገር ግን አሮጌው ድልድይ መፍረስ የሚገባው፥ በእርሱ ይሻገር የነበረው ሰው ሁሉ በአዲሱ ለመሻገር መቻሉ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ይህ ሳይረጋገጥ የፈረሰ እንደ ሆነ ግን፥ ለብዙው ሰው ልማት የተባለው ሥራ ለጥቂቱ መንገድ መቍረጥ ይሆንበታል።

በዛሬው ዘመን ይህ ነገር በግልጥ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ የእጅ ስልክ ነው። በብዙ አገሮች ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ የሚባሉት የቀድሞ መረቦች እየተዘጉ፥ አራተኛውና አምስተኛው ብቻ እንዲቀሩ ተደርጎአል፤ በመደረግም ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ትናንት ደኅና ሆኖ ሲሠራ የነበረ ስልክ፥ ሳይሰበርና ሳይበላሽ፥ ባለቤቱም ሳያውቅ፥ ዛሬ ድምፁ የማይሰማ ዲዳ ሆኖ ሲቀር ታይቶአል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። በተለምዶ 2ጂና 3ጂ የሚባሉት ቀደምት መረቦች፥ ሁለት ሰዎች በሚነጋገሩበት ጊዜ ለንግግሩ ብቻ የተለየ መሥመር ይይዙላቸዋል። አራተኛው ትውልድ፥ ማለት 4ጂ፥ ግን እንዲህ ያለ መሥመር የለውም፤ ጽሑፉንም ሥዕሉንም ድምፁንም በትንንሽ እሽግ እየከፈለ በአንድ መንገድ ይልከዋል። ስለዚህ በ4ጂ ላይ ለመነጋገር፥ ድምፅን በዚሁ መንገድ የሚያስኬድ ቮልቲኢ የሚባል ዘዴ በስልኩ ውስጥ መኖር አለበት።

4ጂ በተጀመረ ጊዜ ይህ ዘዴ በየስልኩ ገና አልገባም ነበርና፥ መሐንዲሶቹ አንድ ጊዜያዊ ብልሃት አበጁ። ስልኩ ኢንተርኔት ሲከፍት በ4ጂ ይሠራል፤ ሲደውል ወይም ሲደወልለት ግን ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ወርዶ ይነጋገራል፤ ንግግሩ ሲያልቅም ወደ ቦታው ይመለሳል። ባለቤቱ ይህን መውረድና መውጣት አያየውም። ስልኩ የተሸጠበት ካርቶን 4ጂ የሚል ጽሑፍ አለበትና፥ በ4ጂ ላይ የሚነጋገር ይመስለዋል።

እንግዲህ አሮጌው መረብ የተዘጋ እንደ ሆነ በሦስት ዓይነት ስልክ ላይ ችግር ይደርሳል። የመጀመሪያው ከ3ጂ በላይ የማያውቀው ነው፤ የዚህ ባለቤት በዚያው ቀን ስልኩ ስለሚዘጋበት ችግሩን ወዲያው ያውቃል። ሁለተኛው ኢንተርኔት በ4ጂ የሚከፍት፥ ለንግግር የሚሆነው ዘዴ ግን የሌለው ነው፤ ወይም ዘዴው በውስጡ እያለ፥ ከሌላ አገር የተገዛ በመሆኑ የአገሩ የስልክ ድርጅት የማያውቀው ነው። በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት ስልኮች፥ አንዱ በአንድ አገር ሁለተኛው በሌላ አገር የተገዙ እንደ ሆነ፥ በመልክ መንታ ሆነው በሥራ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው። ይህ ስልክ ወዳጅ ለወዳጁ ሲደውል ያለ ችግር በ4ጂ ያነጋግራል፤ የእሳት አደጋ መከላከያን፥ ፖሊስን ወይም አምቡላንስን ለመጥራት በሚደወልበት ጊዜ ግን፥ ሲሠራ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ወደ 3ጂ ይወርዳል። 3ጂ በሌለበት አገር የሚወርድበት ስፍራ የለም። ባለቤቱ ይህን ጕድለት በሰላሙ ቀን ሊያውቀው አይችልም፤ የሚያውቀው ቤቱ ሲቃጠል ወይም ልጁ ሲታመምበት ነው።

ይህ ሁሉ በአሳብ ብቻ የሚነገር እንዳይመስል፥ የአውስትራሊያን ነገር መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች የሚነገሩት የውጭ አገር ዘመኖች በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በዚያ አገር ቴልስትራ የተባለው ትልቁ የስልክ ድርጅት የ3ጂ መረቡን በ2006 ዓ.ም. ከፈተ፤ መረቡም በገጠር ለሚኖረው ገበሬና ከብት አርቢ ዋና መገናኛው ሆነ። በ2019 ዓ.ም. ድርጅቱ መረቡን በጁን 2024 እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱም የሬዲዮ ሞገድ እንደ እርሻ መሬት የተወሰነ ስለ ሆነና፥ በዚያው ስፋት አዲሶቹ ትውልዶች ብዙ እጥፍ ሥራ ስለሚሠሩበት ነው። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፤ የተሰጠው የአምስት ዓመት ጊዜም አጭር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የመዝጊያው ቀን ሲቃረብ፥ በማርች 2024 የኮሙኒኬሽን ሚኒስትሯ ሚሼል ሮውላንድ 740,000 ያህል ስልኮች ከላይ በሦስተኛ ደረጃ ከተነገረው ወገን መሆናቸውን ገለጹ። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ የሚነገርባቸው 4ጂ ስልኮች ሲሆኑ፥ የአገሩን የአደጋ ጥሪ ቍጥር፥ ማለት ሦስት ዜሮን፥ ለመጥራት ግን 3ጂን የሚፈልጉ ነበሩ። ነገሩ በአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረመረ። ድርጅቱም ቀኑን በመጀመሪያ ወደ ኦገስት መጨረሻ፥ ቀጥሎም ወደ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 አራዘመ። ሰው ሁሉ ስልኩን እንዲመረምር፥ ወደ 3498 «3» ብሎ አጭር መልእክት የላከ እንደ ሆነ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ተዘጋጀለት። መንግሥቱም የአደጋ ጥሪ ማድረስ የማይችል ስልክ በማናቸውም መረብ ላይ እንዳይሠራ ድርጅቶቹ እንዲከለክሉት ደንብ አወጣ።

ይህ ደንብ ብዙ ሰው አሳዝኖአል። ስልኩ ደኅና ሆኖ ሲሠራ በድንገት የተቈረጠበት ሰው፥ በተለይም ከውጭ አገር ገዝቶ የመጣው፥ ለምን ተከለከልሁ ብሎ ጮኸ። ነገር ግን የደንቡ አሳብ የሚናቅ አይደለም፤ በችግር ቀን የሚከዳ ስልክ በሰላም ቀን ማገልገሉ ባለቤቱን ማታለል ነውና። የሚያሳዝነው፥ ይህ እውነት የታወቀው በመጨረሻው ሰዓት መሆኑ ነው።

ከዚህም ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ነገሩ አልተፈጸመም። መረቦቹ ከተዘጉ አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል፥ በኦክቶበር 2025፥ ከ70 በላይ የሚሆኑ የሳምሰንግ ስልክ ዓይነቶች ሌላ ጕድለት እንዳለባቸው ታወቀ። እነዚህ ስልኮች የሌሎቹ ድርጅቶች ሞገድ በማይገኝበትና የቮዳፎን መረብ ብቻ ባለበት ስፍራ የአደጋ ጥሪ ሲደረግባቸው፥ አስቀድሞ የተዘጋውን የቮዳፎንን 3ጂ የሚፈልጉ ሆነው ተገኙ። የሚበዙት በሶፍትዌር ማደስ የሚድኑ ሲሆኑ፥ ጥቂቶቹ ግን ፈጽመው የሚጣሉ ነበሩ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ፥ በሲድኒ ከተማ አንድ ደንበኛ በእንዲህ ያለ ስልክ የአደጋ ጥሪውን ሞክሮ ሳይገናኝ ቀርቶ መሞቱን የስልኩ ድርጅት አስታወቀ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ያለቀ ሥራ በሰው ቤት ገና እንዳላለቀ ከዚህ ይታያል።

በዚያው አገር ቀደም ብሎ የተደረገ አንድ መልካም ምሳሌም አለ። ቴልስትራ ሲዲኤምኤ የተባለውን የገጠር መረብ በጃንዋሪ 28 ቀን 2008 ለመዝጋት አስቦ ነበር። የጊዜው ሚኒስትር ስቲቨን ኮንሮይ ግን፥ የአዲሱ መረብ አገልግሎት ከአሮጌው ጋራ የተካከለ መሆኑ አልተረጋገጠም በማለት አልፈቀዱም። መረቡ የተዘጋው ከሦስት ወር በኋላ በኤፕሪል 28 ነው። ሚኒስትሩ እድገትን አልከለከሉም፤ መንገደኛው ሳይሻገር ድልድዩ አይፍረስ ማለታቸው ነበር።

ይህ ችግር የአውስትራሊያ ብቻ አይደለም፤ በሰው እጅ ባለው ስልክ ብቻም የሚወሰን አይደለም። በአሜሪካ ኤቲኤንድቲ የተባለው ድርጅት የ2ጂ መረቡን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በዘጋ ጊዜ፥ በሳን ፍራንሲስኮ የአውቶቡሶችን መድረሻ ሰዓት የሚናገረው መሣሪያ ተሳሳተ፤ በብዙዎቹ አውቶቡሶች ላይ የነበረው የመገናኛ ዕቃ በዚያው መረብ ይሠራ ነበርና። ያው ድርጅት በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 3ጂን ሲዘጋም፥ የሌባና የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል የሚተክሉ ነጋዴዎች በየቤቱ ያለውን መሣሪያ ለውጠው ስላልጨረሱ ጊዜ እንዲሰጣቸው አስቀድመው ለምነው ነበር። በአውሮፓም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ዓይነት መኪና ሁሉ አደጋ ሲደርስበት በራሱ እርዳታ የሚጠራ መሣሪያ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ፤ መሣሪያው ግን የተሠራው በ2ጂና በ3ጂ ላይ ነበር። የመኪና ዕድሜ ከስልክ ዕድሜ ይልቅ ረጅም ስለ ሆነ፥ ሕጉ ያዘዘውን መሣሪያ የመረቡ መዘጋት ከንቱ እንዳያደርገው ያሠጋል።

በጃፓን ግን ነገሩ በዝግታ ተይዞአል። ዶኮሞ የተባለው ድርጅት በኦክቶበር 2001 በዓለም ከሁሉ ቀድሞ የ3ጂ አገልግሎት ከፈተ፤ የሚዘጋበትንም ቀን ማርች 31 ቀን 2026 ብሎ ያስታወቀው በ2019 ዓ.ም. ነው። ከስድስት ዓመት በላይ አስቀድሞ መናገር ለደንበኛው ክብር መስጠት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአገራችን ተረት የሚመክረውም ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ምን ይነካታል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በአገራችን የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ፤ 4ጂ በአዲስ አበባ የገባው በ2007 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት የማይከፍተው ተራ ቀፎ በብዙ ገበሬና ነጋዴ እጅ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር እንኳ *127# በመደወል በዚሁ ተራ ቀፎ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል የሚያስችል ሆኖ ተዘጋጅቶአል። ስለዚህ አሮጌው መረብ ለድኻው መነጋገሪያው ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ቦርሳውም ሆኖአል።

ከዚህም ሌላ፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖች አዲስ ስልክ ሲገዙ አሮጌውን ለእናት ለአባታቸው፥ ለእኅት ለወንድማቸው ይልካሉ። በሜልቦርን ከመረብ የተከለከለ ቀፎ በደሴ ወይም በጎንደር 2ጂና 3ጂ እስካሉ ድረስ ሊሠራ ይችላል። ይህ ለጊዜው በረከት ነው። ነገር ግን በዚያ አገር የተገለጠው ጕድለት ከቀፎው ጋራ ወደዚህ ይመጣል፤ አሮጌው መረብ በሚዘጋበት ቀንም እንደ ዕዳ ይጠየቃል።

እንግዲህ ያ ቀን ሳይደርስ ማሰብ ይገባል። በመጀመሪያ መቍጠር ነው፤ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ መለያ ቍጥር ስላለው፥ በመረቡ ላይ ያሉት ስልኮች ምን ዓይነት እንደ ሆኑ የስልክ ድርጅቶቹ ሊያውቁ ይችላሉ። ሁለተኛ መፈተን ነው፤ ስልኩ ለወዳጅ መደወሉ ብቻ ሳይሆን የአደጋ ጥሪ ማድረሱ፥ ያውም የራሱ ድርጅት ሞገድ በማይገኝበት ስፍራ፥ ይመርመር። ሦስተኛ በበሩ ላይ መጠበቅ ነው፤ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፥ ለሚመጣው ዘመን የማይሆን ቀፎ እንደ አዲስ ተቈጥሮ ወደ ገበያ እንዳይገባ ቢቈጣጠር ሕዝቡ ከሁለት ጊዜ ወጪ ይድናል። አራተኛ መንገር ነው። በስልክ የሚላክ ማስታወቂያ ማንበብ ለማይችል ሰው አይጠቅምም፤ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፥ በመስጊድ፥ በቀበሌ ስብሰባና በገበያ ቀን በቃል የተነገረ ግን ለሁሉ ይደርሳል። በዚህ ረገድ የካህናት እርዳታ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነገር፥ ድኻውን ማሰብ ነው። ባለጸጋ የመዘጋቱን ወሬ ሳይሰማ አስቀድሞ ስልኩን ለውጦአል። የሚቀረው አረጋዊው፥ መበለቲቱ፥ በሩቅ ገጠር የሚኖረው ነው። የሒሳብ ሰው ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ተሻግረዋልና በቃ ይላል። መልካም እረኛ ግን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋውን አንዱን እንደሚፈልግ ካህናቱ ዘወትር ያስተምራሉ፤ የሕዝብ ሹምም የተሾመው ስለዚሁ ስለ አንዱ ነው።

አዲሱ መረብ ይስፋ፤ ለአገርም ይጥቀም። አሮጌው የሚዘጋበት ቀን ግን በመሐንዲስ ብዕር ብቻ አይቈረጥ፤ በሩቅ ተራራ ሥር የምትኖር አንዲት እናት በሌሊት ልጇ ቢታመምባት ስልኳን አንሥታ ስትጣራ የሚሰማት መኖሩ በተረጋገጠበት ቀን ይሁን።