ዲስክ ሲበላሽ መብራቱን የሚያበራው ማን ነው?

የማከማቻ ሰርቨር ዲስክ ሲበላሽ ቀይ ወይም ብርቱካናማ መብራቱን ራሱ ያበራል የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። የብልሽት መብራቱ ግን በዲስኩ ሥልጣን ሥር አይደለም። የሚገኘው ዲስኮቹ በሚሰኩበት ሳጥን ላይ ነው፤ ትእዛዝ ካልደረሰው አይበራም። ኤስጂፒአይኦ በተባለው ስልት በኮንትሮለር ካርዱና በሳጥኑ መካከል በተዘረጉ አራት የምልክት መስመሮች ስለ እያንዳንዱ ዲስክ ሦስት ነገር ይነገራል፦ እየሠራ ነው፣ ቦታው ይታይ፣ ተበላሽቷል። ብዙ ዲስክ በሚይዙ ሳጥኖች ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኤስኢኤስ የተባለው ደንብ ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማን እንደሆነ በአሠራሩ ይወሰናል። ብዙ ዲስኮችን በአንድ ቡድን የሚያሠራ የሬይድ ካርድ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ራሱ ስለሆነ የሞተውን ያውቃል፤ መብራቱንም ያበራል። ዲስኮቹን እንዳሉ ለስርዓተ ክወናው የሚያሳልፍ ካርድ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በሊነክስ የሶፍትዌር ሬይድ ወይም በዜድኤፍኤስ አንድ ዲስክ ከቡድኑ ሲወጣ ካርዱ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ በሶፍትዌሩና በመብራቱ መካከል የሚቆም ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለሊነክስ ሬይድ ሌድሞን፣ ለዜድኤፍኤስ ደግሞ ዜድ የተባለው አገልግሎት የዲስኮቹን ሁኔታ እየተከታተሉ ትእዛዙን ያደርሳሉ። አገልግሎቱ ካልተጫነ ወይም ከቆመ ዲስኩ ሞቶም መብራቱ ጨለማ ነው።

መብራት ካልበራ ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለትም አይቻልም። ጉግል በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን መርምሮ ባሳተመው ጥናት፣ ከተበላሹት ከ56 በመቶ የሚበልጡት ብልሽትን በብርቱ ያመለክታሉ ከተባሉት አራት የስማርት (የዲስኩ ራስ ምርመራ) ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። እየደጋገመ ከሞከረ በኋላ ዘግይቶም ቢሆን መልስ የሚሰጥ ዲስክም ከቡድኑ ሳይወጣ ለረጅም ጊዜ መላውን ሰርቨር ሊያንቀራፍፍ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ብልጭ ያለውን ዲስክ ወዲያው መንቀል ነው። ብልጭታው ቦታ ማሳያ፣ የመልሶ ግንባታ ምልክት ወይም የብልሽት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። አይቢፒአይ የተባለው ስምምነት የብልጭታዎቹን ትርጉም አንድ ለማድረግ ቢወጣም አምራቾች በቀለምም በአበራርም ይለያያሉ። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ መጥፋት ብቻ ነው፤ አንዱ ከሞተ በኋላ በስሕተት ጤነኛው ከተነቀለ የዲስኮቹ ቡድን በሙሉ ሥራ ያቆማል። ኤችፒ በጄን8 ሰርቨሮቹ ላይ «አትንቀል» የሚል የተለየ መብራት የጨመረው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው።

በሊነክስ ኤስዲሲ የተባለው ዲስክ በሦስተኛው ማስገቢያ ያለው ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ስሙ የሚሰጠው ስርዓቱ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ስለሆነ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ ሊቀየር ይችላል። የማይለወጠው የፋብሪካው መለያ ቁጥር ነው። ፈጽሞ የሞተ ዲስክ ግን ቁጥሩን መናገር ስለማይችል፣ የትኛው ቁጥር በየትኛው ማስገቢያ እንዳለ አስቀድሞ መመዝገብ ይገባል። መዝገብ ከሌለ ከጤነኞቹ ላይ እያነበቡ የእንቅስቃሴ መብራታቸው ሲብለጨለጭ ጸጥ ያለውን መለየት ይቻላል፤ ከመንቀል በፊት ግን የጤነኞቹ ብዛት ከብልጭታዎቹ ብዛት ጋር መመሳከር አለበት፤ ተጠባባቂ ዲስክም ጸጥ ብሎ ሊታይ ይችላልና።

ዲስኩ ከተተካ በኋላ ዜድ አዲሱ ሥራ ላይ ሲውል መብራቱን ያጠፋል። በእጅ ትእዛዝ የበራ ቦታ ማሳያ ግን ብዙውን ጊዜ በእጅ ትእዛዝ እስኪጠፋ ይቆያል፤ ተረስቶ የቀረ መብራት በሚቀጥለው ብልሽት ጊዜ ሌላ ሰው ጤነኛ ዲስክ እንዲነቅል ያደርጋል። ስርዓቱ መሥራቱን ማረጋገጥ የሚገባው ሰርቨሩ መረጃ ከመያዙ በፊት ነው፤ የእያንዳንዱን ማስገቢያ መብራት በተራ እያበሩ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር፣ ቀጥሎም አንድ ዲስክ እንደ ተበላሸ እንዲቆጠር አስገድዶ መብራቱ ያለ ሰው እጅ እንደሚበራ ማየት ያስፈልጋል።