ፒስኮ ሳወር፦ ሎሚው የእኛው ሎሚ ነው

ቤት ውስጥ የተሠራ ፒስኮ ሳወር (ፒስኮ ከተባለው የወይን አረቄ፣ ከሎሚና ከእንቁላል ነጭ የሚሠራው ኮክቴል) የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጠጡ ሳይሆን በሎሚው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ በርካታ አሠራሮች ትልቁን ቢጫ ሎሚ ያዛሉ። የፔሩ ሰው «ሊሞን» ሲል ግን ትንሿን፣ አረንጓዴዋን፣ ልጣጯ ስስ የሆነችውን ማለቱ ነው፤ እኛ ከጉሊት በመደብ የምንገዛትን ማለት ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ቢጫውን እለፉት። ሎሚዋን በዕለቱ ጭመቁ፤ እስክትደርቅ ግን አትጭመቋት፣ ነጩ የልጣጭ ክፍል ይመራል።

«ፒስኮ ከሌለ ኮኛክ ይተካዋል» የሚሉም አሉ። አይተካውም። አረቄ ከጥንስስ እንደሚወጣ ሁሉ ሁለቱም ከወይን ጠጅ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ኮኛክ በኦክ በርሜል ስለሚቆይ ቀለምና የእንጨት ጣዕም ይይዛል። የፔሩ ፒስኮ በሕግ እንጨት አይነካውም፣ ውሃም አይጨመርበትም፤ ጣዕሙን በማይቀይር ዕቃ ቢያንስ 3 ወር ያርፋል። የቺሌ ሕግ ሁለቱንም ስለሚፈቅድ፣ ወርቃማ የቺሌ ፒስኮ ብታገኙ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ፒስኮ የኢንካዎች መጠጥ ነው መባሉም ስህተት ነው። ወይን ወደ ፔሩ የገባው ከስፔኖች ጋር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኮክቴሉን ያስተዋወቀው በ1916 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሊማ ውስጥ ባር የከፈተው አሜሪካዊው ቪክቶር ሞሪስ ነው ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ እኔም አጥብቄ ልናገርበት የምፈልገው፣ እንቁላሉ ነው። «አልኮሉና ሎሚው ጀርሙን ይገድሉታል» ይባላል። ከመቀላቀል እስከ መጠጣት ያለችው ጥቂት ደቂቃ ሳልሞኔላን ለማጥፋት አትበቃም። ስለዚህ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ ትኩስ እንቁላል፣ ከተገኘም በሙቀት ከጀርም የጸዳ ነጭ ተጠቀሙ። እንቁላል የማይፈልግ ሰው የሽምብራ ቅቅል ውሃ ይሞክር፤ ጥሩ አረፋ ያወጣል። ቺሌ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እንቁላል ነው የሚሠራው።

ለአንድ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ፒስኮ፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ እና የአንድ እንቁላል ነጭ ይበቃል። በረዶውን መጀመሪያ አትጨምሩ፤ ቅዝቃዜ አረፋውን ያዳክመዋል። ሼከር ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ የማር ብልቃጥ ይሆናል። መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ ያህል በኃይል ናጡት፤ ከዚያ በረዶ ጨምራችሁ ብልቃጡ እጃችሁ ላይ ላብ እስኪያወጣ ድገሙት። አጥልላችሁ ስትቀዱት አረፋው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ነጭ ሆኖ ይረጋል።

በመጨረሻ የሚንጠባጠበው አንጎስቱራ የተባለው መራራ የቅመም ቅይጥ ለጌጥ ብቻ ይመስላል። ሦስት ጠብታ አረፋው ላይ አድርጉና ሳትቀምሱ አሽትቱት፤ ቅርንፉድና ቀረፋ የመሰለው መዓዛ የእንቁላሉን ሽታ ይሸፍነዋል።