የመኪና ማሳ፤ የኮረንቲ መመለሻ መንገድ

አንድ አሮጌ መኪና አልነሣ ሲል ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። ባትሪው ተለውጦ ችግሩ ካልተወገደ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ሞተሪኖውም ተፈትቶ ከተጠገነ ወይም በሌላ ከተተካ በኋላ መኪናው እንደ ቀድሞው «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህ ዐይነት ገንዘብ በከንቱ ይባክናል፤ ለገበያ የተጫነ አትክልት ይጠወልጋል፤ ወደ ሐኪም ቤት ሊደርስ የሚገባው በሽተኛም መንገድ ላይ ይቀራል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥፋቱ ከባትሪውም ከሞተሪኖውም ላይሆን ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኘው የኮረንቲ መንገድ፣ በተለይም ብዙ ሰው የማያስበው የመመለሻው መንገድ፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምንባብ ይህ መመለሻ ምን እንደ ሆነ፣ በአሮጌ ፒክአፕ መኪና ላይ ለምን እንደሚበላሽና ብልሽቱ በምን ዘዴ እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

ሀ. ማሳ ምንድን ነው?

ኮረንቲ ሥራ ሊሠራ የሚችለው ዙሪያ ገጠም መንገድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ከባትሪው አንደኛ ጫፍ ይነሣል፤ በመብራቱ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው የባትሪ ጫፍ ይመለሳል። መሄጃው ደኅና ሆኖ መመለሻው ቢቋረጥ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በመኖሪያ ቤት ለመሄጃውም ለመመለሻውም ሽቦ ይዘረጋል። የመኪና አካል ግን ራሱ ብረት ስለ ሆነ የሽቦው ቁጥር በግማሽ ያህል እንዲቀንስ ተደርጓል። ከባትሪው አዎንታ ጫፍ (ፖዘቲቭ) ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ሽቦ ይሄዳል፤ አሉታው ጫፍ (ኔጋቲቭ) ግን በወፍራም ኬብል ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። ስለዚህ የመኪናው ብረት በሙሉ እንደ አንድ ሰፊ የመመለሻ ሽቦ ያገለግላል። በጋራዥ ቋንቋ «ማሳ» የሚባለው ይኸው ነው።

ቃሉ እንደ «ፍሬቻ»፣ እንደ «ካምቢዮ»ና እንደ «ግራሶ» ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ገበሬው ከሚያርሰው «ማሳ» ጋር በድምፅ አንድ ይሁን እንጂ በትርጉም አይዛመድም፤ ሁለቱ ሞክሼ ቃላት ናቸው።

ለ. በፒክአፕ ላይ ችግሩ ለምን ይበዛል?

የቀድሞዎቹ ፒክአፖች አካል ወጥ አይደለም። ለምሳሌ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራውን ቶዮታ ሃይሉክስን ብትመለከቱ፣ ከታች ሻንሲው፣ ከፊት ጋቢናው፣ ከኋላ ደግሞ ካሶኒ የሚባለው የዕቃ መጫኛው ለየብቻቸው ተሠርተው በቡሎን የተያያዙ መሆናቸውን ትረዳላችሁ። ሞተሩ በሻንሲው ላይ የሚያርፈው በላስቲክ መደላድል ነው፤ ጋቢናውም እንዲሁ ነው። ላስቲክ ንዝረትን ያበርዳል፤ ነገር ግን ኮረንቲ አያሳልፍም። ስለሆነም እነዚህ የተለያዩ ክፍሎች በኤሌክትሪክ አንድ እንዲሆኑ ከባትሪው ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ጋቢናው፣ እንዲሁም ወደ ሻንሲው የሚዘረጉ የማሳ ማሰሪያዎች ያስፈልጋሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተጎነጎኑ ጠፍጣፋ ማሰሪያዎች ናቸው።

እነዚህ ማሰሪያዎች በሦስት ምክንያቶች ከአገልግሎት ውጭ ይሆናሉ። አንደኛው ዝገት ነው። የክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ከባትሪው የሚወጣ አሲድ የመዳቡን ጫፍና የሚታሰርበትን ብረት ቀስ በቀስ ይበላሉ። ሁለተኛው ቀለም ነው። አሮጌ መኪና ተቀጥቅጦ እንደገና ሲቀባ ማሰሪያው የሚያርፍበት ሥፍራ አብሮ ይቀባና በብረትና በብረት መካከል ኮረንቲ የማያሳልፍ ሽፋን ይፈጠራል። ሦስተኛው መዘንጋት ነው። ሞተሩ ለእድሳት ወርዶ ሲመለስ አንድ ትንሽ ማሰሪያ ሳትታሰር ብትቀር መኪናው ለጊዜው ሊሠራ ስለሚችል ማንም ልብ አይላትም።

ሐ. የብልሽቱ ምልክቶች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ምልክቱን አስተውሎ ለሚመለከተው ሰው ይናገራል። የማሳ ጉድለት ዋና ዋና ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ይቀራል፤ ወይም እየጎተተ በዝግታ ይዞራል።
2. አንዱ የፊት መብራት ደማቅ ሆኖ ሌላው ይደበዝዛል።
3. መብራት ሲበራ የነዳጁ ወይም የሙቀቱ መለኪያ ጠቋሚ ያለምክንያት ከቦታው ይንቀሳቀሳል።
4. ፍሬን ሲረገጥ የኋላው ፍሬቻ ወይም ሌላው መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል።
5. መኪናው ለማስነሣት ብዙ ከተሞከረ በኋላ የነዳጅ መስጫው ወይም የፍሪሲዮኑ የሽቦ ገመድ ሲዳሰስ ይሞቃል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። በደለል የተደፈነ ቦይ ውሃውን ወደ ጎን እንደሚያስወጣው ሁሉ፣ ትክክለኛ መመለሻ ያጣ ኮረንቲም ባገኘው ሌላ መንገድ ይሄዳል። የፍሬን መብራቱ ኮረንቲ ማሳ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል ውስጥ አልፎ ይመለሳል፤ ስለዚህ ያልታዘዘው አምፖል ይበራል። የሞተሪኖው ከባድ ኮረንቲም ወፍራሙን ኬብል ሲያጣ ሞተሩን ከጋቢናው ጋር በሚያገናኘው ቀጭን የሽቦ ገመድ ላይ ይጫናል። ያ ገመድ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረምና ይግላል፤ ሽፋኑ ቀልጦ ሊጣበቅም ይችላል። የነዳጅ መስጫው ገመድ በጉዞ ላይ ቢጣበቅ ምን አደጋ እንደሚያስከትል አስቡ። እንግዲህ የማሳ ጉድለት መኪናን ከማስቆምም አልፎ ሕይወትን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

መ. ዐይን የማያየውን በመለኪያ ማየት

ጀርመናዊው ሊቅ ጌኦርግ ኦም በ1827 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የገለጸው ሕግ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚባክነው ቮልት፣ በዚያ የሚያልፈው ኮረንቲ በመጋጠሚያው ተቃውሞ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው።

አንድ የዛገ መጋጠሚያ 0.02 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። 21 ዋት የሆነ የፍሬን አምፖል 1.75 አምፔር ያህል ስለሚወስድ የሚባክነው 0.035 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህም በዐይን አይታወቅም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ቢጠይቅ በዚያው መጋጠሚያ ላይ 3 ቮልት ይጠፋል። ከ12 ቮልቱ አንድ አራተኛው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። «መብራቱ በደንብ ይበራልና ማሳው ደኅና ነው» የሚለው አነጋገር ሊያሳስት የሚችለው ስለዚህ ነው። በቴስተር ተቃውሞን መለካትም አያስተማምንም፤ ከብዙ ክሮቹ አንድ ብቻ የቀረለት ኬብል ሥራ በሌለበት ጊዜ ሲለካ ደኅና መስሎ ይታያል። ትክክለኛው ምርመራ ኮረንቲው ሥራ ላይ እንዳለ የሚባክነውን ቮልት መለካት ነው።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ማርሹ ነጻ ይደረጋል፤ ሞተሩም እንዳይነሣ ማቀጣጠያው ወይም ነዳጁ ይቋረጣል። ባትሪ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ ክብሪት መጫር ወይም ሲጋራ ማጨስ ፈጽሞ ክልክል ነው። ባለ 12 ቮልት መኪና እንደሚከተለው ይመረመራል።

በመጀመሪያ ባትሪው ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለካል። 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ግን ደክሟልና አስቀድሞ ይሞላ። ቀጥሎ ረዳት ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንዶች ሲያሠራ ባትሪው እንደገና ይለካል። ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ወይም ሞተሪኖው ያጠራጥራል።

ሁለተኛ፣ የቴስተሩ ጥቁር ሽቦ በባትሪው የአሉታ ጫፍ ላይ፣ ቀዩ ሽቦ ደግሞ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይደረጋል። ጥቁሩ ሽቦ የሚያርፈው በኬብሉ መቆንጠጫ ላይ ሳይሆን በባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ መሆኑን ልብ በሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መጋጠሚያም መመርመር አለበትና። አሁንም ረዳቱ ሞተሪኖውን ያሠራል። ንባቡ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መንገዱ ደኅና ነው፤ 0.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እንቅፋት አለ። እንቅፋቱ ከየት ላይ እንዳለ ለማወቅ ቀዩን ሽቦ ደረጃ በደረጃ ወደ ባትሪው ማቅረብ ይበቃል፦ በመጀመሪያ በሞተሩ ላይ፣ ቀጥሎ በኬብሉ ጫፍ ላይ፣ በመጨረሻም በመቆንጠጫው ላይ። ንባቡ በድንገት የሚወርድበት ሥፍራ የጥፋቱ ሥፍራ ነው።

ሦስተኛ፣ የፊት መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው በርተው ሳለ ቀዩ ሽቦ በጋቢናው፣ ከዚያም በሻንሲው፣ በመጨረሻም በኋላ መብራቱ ማሳ ላይ ይደረጋል። በእነዚህ ሥፍራዎች 0.1 ቮልት አካባቢ ቢገኝ መልካም ነው። በጋቢናው ደኅና የነበረው ንባብ በካሶኒው ላይ ከፍ ካለ፣ የጎደለው የካሶኒው ማሳ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

በመጨረሻም የመሄጃው መንገድ፣ ማለት ከአዎንታው ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ያለው፣ በዚሁ ዘዴ ይለካል። ማሳን ሳይመረምሩ ማለፍ ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ ጥፋቱን ሁሉ በማሳ ላይ መጣልም ስሕተት ነው።

ቴስተር በሌለበት ገጠር እንኳ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ባትሪ ለመቀጣጠል የሚያገለግለው ወፍራም ኬብል በአንድ ጫፉ ከባትሪው አሉታ፣ በሌላው ጫፉ ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር ይያያዝ። ደክሞ የነበረው ሞተሪኖ በዚህ ጊዜ በኀይል ከዞረ የጎደለው ማሳ ነው።

ሠ. ጥገናው

ጥፋቱ ከታወቀ ጥገናው ቀላልና ርካሽ ነው። በቅድሚያ የባትሪው አሉታ ይፈታል፤ ሥራው ሲያልቅም በመጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ምክንያቱም አዎንታው አስቀድሞ ቢፈታና መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ኮረንቲው ያለ አንዳች ገደብ ይፈስና ብልጭታና ቃጠሎ ያስከትላል። በባትሪው ጫፎች ላይ የጋገረው አሲድ በውሃ በተበጠበጠ ቢካርቦኔት ይታጠባል፤ ነገር ግን ብጥብጡ ወደ ባትሪው ውስጥ መግባት የለበትም። የማሳው መቀመጫ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይፋቃል። የተበላ ኬብል ካለ ውፍረቱ ከቀድሞው በማያንስ ይተካል። ቡሎኑ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ዝናብ እንዳያገኘው ከላይ ግራሶ ይቀባል። ከዚህም በኋላ ልኬቱ ይደገማል፤ ጥገናው መሳካቱን የሚመሰክረው የንባቡ መውረድ ነውና።

እንግዲህ አንድ ሰው ባትሪ ወይም ሞተሪኖ ከመግዛቱ በፊት ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይህን ሁሉ ሊመረምር ይችላል። ምልክቱን ማስተዋል፣ ምክንያቱን መገመት፣ ግምቱን በመለኪያ መፈተን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መፍቻ ማንሣት፤ የጥሩ ባለሙያ አሠራር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መልመጃ

1. የመኪና አካል እንደ መመለሻ ሽቦ የሚያገለግለው ለምንድን ነው?
2. መብራቱ በደንብ እየበራ ሞተሪኖው የማይዞርበትን ምክንያት በምንባቡ ውስጥ በተሰጠው ስሌት አስረዱ።
3. ጥቁሩ የቴስተር ሽቦ በመቆንጠጫው ላይ ቢያርፍ የትኛው ጥፋት ሳይታወቅ ይቀራል?
4. «ማሳ» የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሞቹ ዐረፍተ ነገር ሠርታችሁ አሳዩ። ሌሎች ሦስት ሞክሼ ቃላትንም ጥቀሱ።
5. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ከሚገኙ መሣሪያዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ሲበላሽ የሚያሳየውን ምልክት፣ ምክንያቱንና የምርመራውን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።